ከሰል በፌስታል፣ ዘይት በሃይላንድ

(ጎንደር፣ በአንድ የእድር አዳራሽ ካደረግኩት ንግግር። እንደተናገርኩት ነው የጻፍኩት፣ መጨረሻ ላይ የተነሱትን ጥያቄዎችም ጨምሬ።)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜን ገበያ ውላችሁ፣ ደክሟችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ዘንቢላችሁን እንደያዛችሁ መጥታችኋልና አመሰግናለሁ። ዘንቢሉን ከእግራችሁ ሥር አታርቁት። የዛሬው ወሬያችን ስለሱ ነው። ምን ገባበት፣ ምን ሳይገባበት ቀረ፣ ለምን?

ከአክስቴ ልጀምር። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ነው፣ ኢኮኖሚክስ መማር የጀመርኩበት ሰሞን። እሷ ማራኪ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። አመሻሽ ላይ ቤቷ ስደርስ ከጉሊት መመለሷ ነው፣ በአንድ እጇ ከሰል በፌስታል፣ በሌላው ዘይት በትንሽ ሃይላንድ ይዛለች። ዘይቱ የጠርሙሱን ግማሽ እንኳ አይሞላም። እኔም የተማርኩትን ይዤ፣ «እትዬ፣ ከሰሉን በማዳበሪያ ብትገዢው እኮ ይረክሳል፣ በየቀኑ በፌስታል ስትገዢ እየከሰርሽ ነው» አልኳት።

ፌስታሉን መሬት አስቀመጠች። የጠቆሩ ጣቶቿን በጨርቅ ጠረገች። «ማዳበሪያውን የት ላድርገው?» አለችኝ መጀመሪያ። ዞር ብዬ አየሁ። አልጋ፣ ሳጥን፣ የውሃ ጄሪካን፣ ከዚያ ወዲያ መረገጫም የለም። ውጭ ቢቀመጥ የሐምሌ ዝናብ ያረጥበዋል፣ ሌባም አለ። «ደግሞ ሙሉ ማዳበሪያ ቤት ካለ እጅ አይሰበሰብም። ጎረቤትም ሲያልቅባት አንድ ሁለት ፍሬ ትላለች፣ እምቢ አይባል።» ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና፣ «ልጄ፣ ያን ሁሉ ብርስ ባንድ ቀን ከየት አመጣዋለሁ?» አለች።

መልስ አልነበረኝም። እኔ የቆጠርኩት አንድ ዋጋ ነበር። እሷ ቦታውን፣ ብልሽቱን፣ የጎረቤቱንና በአንድ ጊዜ የሚወጣውን ብር፣ አራቱንም ቆጥራ ጨርሳ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአንድ ሰው ግዢ ሞኝነት መስሎ ሲታየኝ፣ እኔ ያልቆጠርኩት ዋጋ የትኛው ነው ብዬ መጀመሪያ ራሴን እጠይቃለሁ። ዛሬም ለናንተ ይዤ የመጣሁት ይሄንኑ ጥያቄ ነው።

ኢኮኖሚስቶች የሸማቹን ነገር ሲያስተምሩ ሦስት ነገር ይይዛሉ። ገቢህ ስንት ነው፣ ዕቃው ስንት ነው፣ የምትወደው ምንድን ነው። ገቢህና ዋጋው አንድ ላይ ሆነው አጥር ያጥሩልሃል። አጥሩ ውስጥ ካለው የፈለግከውን ትመርጣለህ፣ ከአጥሩ ውጭ ያለውን አትደርስበትም። የበጀት መስመር የሚሉት ይህን ነው። አባቶቻችን «በፍራሽህ ልክ እግርህን ዘርጋ» ይሉ የለ? እሱው ነው። ግን ተረቱ እግርህን ሰብስብ ብሎ ያልፋል፣ ትምህርቱ ደግሞ ፍራሹ በምን በምን እንደሚያጥር ያሳይሃል። ገቢ ሲቀንስ ያጥራል። ገቢ ባለበት ሆኖ ዋጋ ሲጨምርም ያጥራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደመወዙ ያልተነካበት ሠራተኛ ሁሉ ይህን በደንብ ያውቀዋል። የወር ደመወዙ ያው ነው፣ ግን ከውጭ የሚመጣው ዘይት ስሙን እንጂ ዋጋውን ይዞ አልቆየም።

እስቲ በቁጥር እንየው። ቁጥሩን ለስሌት እንዲቀል የያዝኩት ነው፣ የዛሬው የቅዳሜ ገበያ ዋጋ ነው አላልኩም። በቀን 300 ብር የምታገኝ እናት አለች እንበል፣ ልብስ አጥባ ወይ ጉሊት ነግዳ። የቤት ኪራዩ ለቀን ሲካፈል 70 ብር። ከሰል 40። ለልጆቹ ትምህርት ቤት 30። እነዚህ አይነኩም። እጇ ላይ 160 ብር ቀረ። እንጀራ አንዱ 20 ብር ቢሆን አምስት እንጀራ በ100 ብር ትገዛለች፣ በቀረው 60 ብር ምስር፣ ዘይትና ሽንኩርት ገዝታ ወጥ ትሠራለች። ቤቱ በልቶ ያድራል።

አሁን እንጀራው 24 ብር ገባ። አራት ብር ምን አላት? እንዲህ የሚል ሰው አውቃለሁ። አምስቱ እንጀራ 120 ሆነ፣ ለወጥ የቀረው 40 ነው። በእናትየው ቤት ከ60 ወደ 40 የወረደው እንጀራው ሳይሆን ወጡ ነው። ዋጋው የጨመረው ሌላ፣ የቀነሰው ሌላ። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ገቢዋ 20 ብር እንደተቀነሰ ያህል ሆነ ማለት ነው፣ ማንም ከኪሷ ሳይወስድባት።

እዚህ ላይ ሰው ሁለት ነገር ያደርጋል። አንዱ መተካት ነው። ጤፍ ሲወደድ ወፍጮ ቤት ሄዳችሁ ወረፋ የያዘውን እህል እዩ። ጤፍ በማሽላ፣ ጤፍ በዳጉሳ፣ ከሁሉም በላይ ጤፍ በሩዝ። ከእኛ ደቡብ፣ ወረታ አካባቢ ያለው የፎገራ ሜዳ ሩዝ አምራች መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ እናም ያ ሩዝ ለሾርባና ለቅቅል ብቻ አልቀረም፣ የእንጀራችን ግማሽ ሆኗል። ማንም ስብሰባ ጠርቶ አልወሰነም። እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ሞከረ፣ መጠኑን አስተካከለ፣ ለልጆች ምሳ ዕቃ ቶሎ እንደሚደርቅ አወቀ፣ ስለዚህ ለማታ ጋገረው። ይሄ ትልቅ እውቀት ነው፣ ማንም አልጻፈውም እንጂ።

ሁለተኛው ግን መተካት የማይቻልበት ነው። ወደዚያች እናት እንመለስ። በ40 ብር ምስር ወጥ አይሠራም እንበል፣ ዘይቱን ሲያዩት ምስሩ የለም፣ ምስሩን ሲያዩት ሽንኩርቱ። ታዲያ ምን ታደርጋለች? ወጡን ትተወውና ስድስት እንጀራ በ144 ብር ትገዛለች፣ በቀረችው 16 ብር በርበሬ ድልህ። ሆድ መሙላት አለበትና። ተመልከቱ እንግዲህ፣ እንጀራ ተወደደ፣ እሷ ደግሞ ከበፊቱ የበለጠ እንጀራ ገዛች። ከሩቅ ያየ ሰው «ዋጋው ጨመረ ትላላችሁ፣ ይኸው ሰው እየገዛ አይደል?» ይላል። እየገዛች ያለችው ስለተረፋት ሳይሆን ሌላው ሁሉ ስላመለጣት ነው።

ይህን እኔ አልፈጠርኩትም። አልፍሬድ ማርሻል የሚባለው እንግሊዛዊ ኢኮኖሚስት በ1895 በፈረንጅ አቆጣጠር የእንግሊዝ ድሆችን ዳቦ አንስቶ ጽፎታል፣ ሐሳቡን ያገኘሁት ከሮበርት ጊፈን ነው ብሎ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን በተግባር ያሳየው ሰው አልተገኘም ነበር። በ2008 ሮበርት ጄንሰንና ኖላን ሚለር የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ነው ነገሩን ያወጣው። ቻይና ውስጥ ሁናን በሚባል ግዛት ለድሃ ቤተሰቦች ሩዝ በቅናሽ እንዲያገኙ ተደረገ። ሩዙ ሲረክስላቸው የበሉት ሩዝ ቀነሰ። በተረፋቸው ሌላ ምግብ ገዙ። እኔ ይህን ሳነብ ያሰብኩት ድልሁን ነው።

ከዚያም በፊት፣ በ1857፣ ኤርንስት ኤንገል የሚባል ጀርመናዊ ሌሎች የመዘገቡትን የቤልጅየም ሠራተኞች የቤት ወጪ አጥንቶ፣ ቤተሰብ በደኸየ ቁጥር ከገቢው ለምግብ የሚሄደው ድርሻ እየሰፋ እንደሚሄድ አሳይቷል። ሀብታም ብዙ አይበላም ማለት አይደለም፣ ከገንዘቡ ውስጥ ምግብ የሚይዘው ትንሽ ነው ማለት ነው። የእኛ አገር የዋጋ ግሽበት ሲሰላ ለምግብ ከግማሽ በላይ ድርሻ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ሽንኩርት ሲወደድ መላው አገር ስለ ሽንኩርት የሚያወራውም ለዚህ ነው።

አሁን ስለ መጨረሻዋ አስር ብር ላውራ። ለኔ የዚህ ትምህርት ልቡ እዚህ ጋ ነው። ሁሉን ገዝታ ጨርሳ፣ አስር ብር ቀርቷት ጉሊቷ ፊት የቆመች እናት አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንድ መደብ ቲማቲም ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች። ቃሪያውን ታያለች። ትንሿን ነጭ ሽንኩርት በእጇ ትመዝናለች። የምታስበው «ቲማቲም ጥሩ ነው ወይ» ብላ አይደለም። ይህቺ አስር ብር የት ብትገባ ለዛሬ ቤቴ ትበልጥ ይሆን ነው። ቲማቲም ትናንት ገዝታ ከሆነ የዛሬው ቲማቲም እንደ ትናንቱ አያስፈልጋትም። ሄርማን ጎሰን የሚባል ጀርመናዊ በ1854 የጻፈው ይሄንኑ ነው፣ አንድን ነገር እየደጋገምን ባገኘን ቁጥር ተጨማሪው የሚሰጠን እርካታ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ስለዚህ ብልህ ሰው ገንዘቡን የሚከፋፍለው የመጨረሻዋ ብር በየትም ብትገባ እኩል እስክትጠቅም ነው። እናትየው ጎሰንን አታውቀውም። እጇ ግን ያውቀዋል።

ቡናም እንደዚሁ ነው። ቡና ሲወደድ በየሰፈራችን የሆነውን አስታውሱ። ጠዋትም ቀትርም ማታም ይፈላ የነበረው ወደ አንድ ጊዜ ወረደ። ግን ያቺ አንዷ አልቀረችም። ሦስተኛዋ ስትቀር ብዙ አልጎዳም፣ የመጀመሪያዋ ብትቀር ግን ጎረቤት አይተያይም፣ ራስ ምታቱም አለ። ከዚያ ደግሞ በተራ ማፍላት መጣ። ዛሬ እኔ ቤት፣ ነገ አንቺ ቤት። አራት ቤት አንድ ቡና ይጠጣል፣ ጨዋታው ግን የአራት ቤት ነው። የቡና ዋጋ ለእያንዳንዱ ቤት ወደ ሩብ ወረደ ማለት እኮ ነው! ነጋዴው ሳይቀንስ።

ወደ ከሰሉ እንመለስ፣ አክስቴን እንደዋዛ ልተዋት አልፈልግም። ማዳበሪያው 1200 ብር ነው እንበል፣ ውስጡ ደግሞ 40 ፌስታል ይወጣዋል። በፌስታል አንዱ 40 ብር ሲሆን በአርባ ቀን 1600 ብር ታወጣለች። 400 ብር ብልጫ። ይህ ማለት 1200 ብር ኖሯት በአንዴ ማውጣት ብትችል በአርባ ቀን ውስጥ የገንዘቧን ሲሶ መልሳ ታተርፋለች። እንዲህ ያለ ወለድ በዓመትም የሚከፍል ባንክ አታገኙም። እንግዲህ ድሃ በቁጠባ እጦት ነው የሚጎዳው የሚል ሰው እዚህ ጋ ልክ ነው፣ ግን 1200 ብር ማለት ለእሷ ሳይበሉ፣ ኪራይ ሳይከፍሉ አራት ሙሉ ቀን ማደር ነው። ችግሯ ስሌቱን አለማወቅ ቢሆን ኖሮ እኔ ነግሬያት አብቅቶ ነበር። ገንዘቡ በቀን እየመጣ በቀን የሚያልቅ ሰው አጥሩ የወር አይደለም፣ የቀን ነው። የቀን አጥር ውስጥ ማዳበሪያ አይገባም።

እቁብ የሚባለውን ነገር የማከብረውም ለዚህ ነው። አሥር ሴቶች በሳምንት 120 ብር ይጥላሉ፣ አንዷ 1200 ብር ይዛ ትሄዳለች። ለቀን ሲካፈል 17 ብር ገደማ ነው። ማንም ሀብታም አልሆነም፣ ከውጭ የገባ ገንዘብ የለም፣ ግን የቀኑ አጥር የወር አጥር ሆነ። የመጨረሻውን ዕጣ የሚያወጣው ሰው ከመጀመሪያዋ ጋር ሲተያይ ብዙ እንደጠበቀ አውቃለሁ። ቢሆንም ለብቻዋ ሳጥን ውስጥ ብታስቀምጠው ኖሮ አንዱ ልቅሶ ወይ አንዱ ሕመም እንደሚበላው እሷም ታውቃለች።

ዱቤም አለ። ሰፈር ውስጥ ያለው ሱቅ ከገበያው ትንሽ ይወደዳል፣ ይህን የማያውቅ የለም። ታዲያ ለምን ከዚያ እንገዛለን? አንደኛ፣ ቅዳሜ ገበያ ደርሶ ለመመለስ የባጃጁ ሂሳብ አለ፣ ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት ብላችሁ ከሄዳችሁ ትርፉ መንገድ ላይ ያልቃል። ሁለተኛ፣ ባለሱቁ ደብተር አለው። ወር መጨረሻ ላይ እጅ ሲያጥር «ጻፈው» ትሉታላችሁ፣ ይጽፋል። ያን ጭማሪ የምንከፍለው ለሳሙናው አይደለም፣ ለደብተሩ ነው። ሁልጊዜ ከገበያ ገዝቶ የቸገረው ቀን ብቻ ሱቁ በር ላይ ለሚቆም ሰው ማን ይጽፍለታል? ደንበኛ መሆን ራሱ የሚገዛ ነገር ነው።

አንድ ደግሞ በተለይ ለጎንደር ሰው ሳልናገረው የማላልፈው ነገር አለ። ጥምቀት ሲደርስ ቀሚስ ለመግዛት የሚበደሩ ቤተሰቦችን «ያለ አቅማቸው» ብለን እንነቅፋለን። አዎ፣ «እንደ ቤትህ ኑር እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» ተብሏል። ግን «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ያለውም ይኸው ሕዝብ ነው። አዳም ስሚዝ በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ፣ በእሱ ዘመን አንድ የቀን ሠራተኛ የተልባ እግር ሸሚዝ ሳይለብስ ሰው ፊት መውጣት እንደሚያፍር፣ ስለዚህ ያ ሸሚዝ ለኑሮ ከሚያስፈልጉ ነገሮች እንደሚቆጠር ጽፏል። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መጠመቂያ ሲወርዱ ከተማው ሁሉ ነጭ ለብሶ በሚወጣበት ቀን፣ አሥራ ሁለት ዓመት የሆናት ልጅ በአሮጌ ቀሚስ ደጃፍ ላይ ቆማ ስታይ የምትከፍለው ነገር አለ። እናትየው ያን ትቆጥራለች። እኔ ከእናትየው ጋር ነኝ። ብድሩ ከባድ መሆኑን አልካድኩም፣ ከባድ ነው። ግን ቅንጦት ነው ማለት ትክክል አይደለም።

ንግግሬ እዚህ ላይ አለቀና ጥያቄ መጣ። አንድ ወጣት፣ «ታዲያ ሁሉም ሸማች ልክ ነው? የሚሳሳት የለም?» አለኝ። አለ። የሚሳሳተው ግን ብዙ ጊዜ ዋጋው ሲደበቅበት ነው። መደቡን ተመልከቱ። የቲማቲሙ መደብ ዋጋ እንደ በፊቱ ነው፣ ፍሬው ግን ከስድስት ወደ አራት ወርዷል። ዓይናችን የለመደው ብሩን ነው፣ ፍሬውን አይቆጥርም። የታሸገ ነገር ላይም እንደዚያው፣ ማሸጊያው ያው፣ ግራሙ የተቀነሰ። ስለዚህ የምመክረው ትንሽ ነገር አለችኝ፤ በመደብም ግዙ፣ በፌስታልም ግዙ፣ ግን በወር አንዴ በኪሎ ስንት እንደሚወጣ ጠይቁና ለራሳችሁ አስሉት። ሌላው፣ ደመወዝ በወጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጃችን የሚፈታው ነገር ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ብርና የመጨረሻው ሳምንት ብር እኩል ናቸው፣ እኛ ግን እኩል አናያቸውም። ይሄን እኔም ቤት አይቼዋለሁ።

ከኋላ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። ጥያቄ አልነበራቸውም። «ልጄ፣ እኛ ዘይቱን እንዲህ ነው የምናደርገው» አሉ። አምስት ጎረቤታሞች ናቸው። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን በጋራ ይገዛሉ፣ ለእያንዳንዷ አራት አራት ሊትር። ብሩን አስቀድመው በየሳምንቱ እሳቸው ጋ ያስቀምጣሉ። የሚሰፍሩት በአንድ ሃይላንድ ነው፣ ሁልጊዜ በዚያችው፣ አንገቷ ላይ ክር የታሰረባት። «ሌላ ጠርሙስ አይገባም» አሉ፣ «ጭቅጭቅ ያመጣል።» አንዷ ትሰፍራለች፣ ሌላዋ ትቆጥራለች፣ ከዚያ ጄሪካኑን ገልብጠው አንድ ቀን ሙሉ ያንጠፈጥፉታል።

«የተንጠፈጠፈውስ ለማነው?» አልኳቸው።

«ተሸክማ ላመጣችው» አሉ።